የበርናባስ መደብ

ባሮዳ፣ ሕንድ
መጋቢት 12 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለማከብርዎትና ለምወድዎት አጎቴ ጋሽ ዘካሪያስ፣

እንደምን ሰነበቱ? በአባቴ ሐዘን ያጽናናን ጌታ እርስዎን፣ ባለቤትዎን እትዬ ጌጤንና ልጅዎን አስቴርን ይጠብቅልኝ። እኔ ደህና ነኝ። ትምህርቱ እየገፋ ነው፤ ሙቀቱ ግን ከታችኛው ከተማችን ከሲቀላም ይብሳል።

በስልክ ስናወራ መጨረሻችን ጭቅጭቅ ስለሚሆን አባቴ ያስለመደንን ደብዳቤ መርጫለሁ። አስቴር እንደተለመደው ከቴሌግራም አትማ ትሰጥዎታለች፤ የእርስዎንም መልስ ፎቶ አንሥታ ትላክልኝ።

ሁለት ጉዳይ አለኝ። አንደኛው የአባቴ መደብ ነው። አባቴ ከጎረቤቶቹ ጋር የመስቀሉን ቅርጫ ካቋቋመ ጀምሮ፣ ሥጋው በእርስዎ ግቢ በሙዝ ቅጠል ላይ ሲደለደል እርስዎ ቢላዋውን ይዘው «የበርናባስ» ሲሉ እስከ መንገዱ ይሰማ ነበር። ቀብሩ ላይ አልደረስኩም። ቤቱ ለሰው ተከራይቷል። በሰፈራችን በሴቻ የአባቴ ስም የሚጠራበት የቀረው ቦታ ያ መደብ ብቻ ነው። አንድ ልጁ ነኝና ቦታው በእኔ ይቀጥልልኝ። መዋጮዬን በጊዜው እልካለሁ። የሚደርሰኝን ሥጋ ለሸክላ ሠሪዋ ለእማማ ልክነሽ ይስጡልኝ፤ አባቴ ይወዳት ነበር።

ሥጋውን ለሌላ የምሰጠው ርቄ ስላለሁ ብቻ አይደለም። ሁለተኛው ጉዳይ ይኸው ነው፤ ሥጋ ከተውኩ ሁለት ዓመት ሊሆነኝ ነው። መነሻው ቅድስና እንዳይመስልዎት፤ የቤት ኪራይ ነው። አከራዬ ኢላቤን ሥጋም እንቁላልም በግቢዋ እንዳይገባ አስምላ ነው ቤቱን የሰጠችኝ። ኋላ ግን የራሴ ሆነ። ከሌላ ሰው ከሚሰሙት እኔ ልንገርዎት ብዬ ነው።

ለሁሉም ሰላምታዬን ያቅርቡልኝ። በተለይ ለጋሽ ተክለሃይማኖት።

የወንድምዎ ልጅ
አቢጋኤል


አርባ ምንጭ፣ ሴቻ
ሚያዝያ 5 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለልጄ ለአቢጋኤል በርናባስ፣

ቸርነቱ የማያልቀው ጌታ በሄድሽበት ሁሉ ይከተልሽ። እኛ ደህና ነን። ላንቴ ያለው እርሻችን ዝናብ አግኝቷል፤ ሙዙም ደህና ነው። ደህና ያልሆነው ያንቺ ደብዳቤ ነው።

ከውጭ ደብዳቤ ሲመጣ የቅርጫው ሰዎች በተሰበሰቡበት ጮክ ተብሎ እንደሚነበብ ታውቂያለሽ። አባትሽም እንዲያ ነበር የሚያደርገው። እኔ ደግሞ ቀድሞ ማየት የሚባል አመል የለኝም። ስለ መደቡ የጻፍሽውን ሳነብ የሰው ዓይን እንባ አቀረረ። ከዚያ በዚያው ድምፅ፣ በዚያው ኩራት፣ «ሥጋ ከተውኩ ሁለት ዓመት ሊሆነኝ ነው» ብዬ አነበብኩላቸው። አንዴ ከአፌ ወጥቷል፣ ምን ላድርገው? የጋሽ ተክለሃይማኖት ባለቤት ወለቴ፣ «ሁዳዴ ይዛ ይሆናላ፣ ምን አለበት» አለች።

«ሁለት ዓመት ሙሉ?» አላት ባሏ።

ተክለሃይማኖትን ታውቂዋለሽ። ከጎጃም መጥቶ ፍርድ ቤት በጸሐፊነት ሠርቶ ጡረታ የወጣ፣ የአባትሽ የልብ ወዳጅ ነው። ቅርጫውን የፈጠሩት ሁለቱ ናቸው። የማን እርድ ይበላል የማን አይበላም በሚል ስንት ጎረቤት እንደተቆራረጠ አይተዋል። አባትሽ «ኦርቶዶክሱም ጴንጤውም ከአንድ ቢላዋ ይብላ» አለና ተጀመረ። ሥጋው ሳይደለደል በፊት እያንዳንዱ አባል ከእኔ እጅ የሻኛ ቁራጭ ተቀብሎ ቆሞ የሚጎርሰውም ለዚህ ነው። ተክለሃይማኖት ተነሥቶ «ከቢላዋችን የማይበላ ሰው ንቆናል ማለት ነው። ያውም የበርናባስ ልጅ» አለ። አንቺ የተውሽው ሥጋ ነው፤ እሱ የተሰማው ግን እኛን እንደተውሽን ነው። ክርክሩ ረዘመና ሕግ ወጣ፤ በመስቀል ዕለት ከበሬው ያልጎረሰ፣ የሥጋ ዘመድም በስሙ ያልጎረሰለት፣ ቦታውን ይለቃል።

አሁን ስሚኝ። መላው ቀላል ነው። አስቴር የአጎትሽ ልጅ ናት፤ በስምሽ አንድ ጉርሻ ትጉረስ። አንቺ እዚያው ቁጭ ብለሽ ቅጠልሽን ብዪ። ማን ያይሻል?

በሬው ከካምባ ገበያ መጥቷል። ዳልቻ ነው፤ ስሙንም ዳልቻ ብለነዋል። ጌጤ ማብላት ጀምራለች። እሷ ደግሞ በየቀኑ «ልጅቷ ሥጋ ካልበላች ምን ትበላለች? ጠይቅልኝ» እያለች ትነዘንዘኛለች። ደም እንዳያንስሽ።

አጎትሽ
ዘካሪያስ


ባሮዳ
ሚያዝያ 22 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ አጎቴ ጋሽ ዘካሪያስ፣

ሰላሙን ያብዛልዎ። ደብዳቤዬን ጮክ ብለው እንዳነበቡት ሳውቅ መጀመሪያ ላብ አጠመቀኝ፣ ቀጥሎ ሳቄ መጣ። አባቴ ቢኖር ከወንበሩ እስኪወድቅ ይስቅ ነበር።

አልተናደድኩም። ግን እንዴት እንደሆነ ላስረዳዎት። በመጀመሪያዎቹ ወራት ከኢላቤን ግቢ ውጭ ሥጋ እበላ ነበር። አንድ እሑድ ለጓደኞቼ ዶሮ ልሠራ ገበያ ወጣሁ። ሻጩ ከሽቦ ሳጥኑ ፊት አቆመኝና «የቷን?» አለኝ። እዚያ ገዢው ነው የሚመርጠው። አንዷ በሌሎቹ መሐል አንገቷን አስግጋ ታየኛለች። ጣቴን ቀሰርኩ። አውጥቶ መዘናት፣ ከዚያ ወደ ጓዳ ገባ። ዶሮዋን ሠርቼ አቀረብኩ፤ ጓደኞቼ በሉ፣ እኔ አልበላሁም። እኔ ስለራበኝ ሳይሆን እሑድ ስለሆነ ነው የሞተችው። ይህን ከዚያ በፊት አስቤው አላውቅም ነበር፤ ካሰብኩት በኋላ ግን እንዳላሰብኩ መሆን አቃተኝ።

ይህ አገር ከእኛ ይሻላል እያልኩ አይደለም። ላም በማይታረድበት ከተማ ላም ከቆሻሻ ገንዳ ፌስታል ስትበላ በየቀኑ አያለሁ። ዳልቻ በእትዬ ጌጤ እጅ ከእነሱ እጅግ የተሻለ ይኖራል፤ ስም አለው፣ የሚያበላውን ሰው ያውቃል። ግን እኮ ይህ ነው እኔን የሚከብደኝ፤ እኛ አውቀነው፣ ስም ሰጥተነው ነው የምናርደው።

አስቴር በስሜ አትጉረስ። ማን ያይሻል ላሉኝ፣ ሥጋ የተውኩት ሰው እንዲያየኝ ብዬ አይደለም። የአባቴ ስም በሐሰት ሲጠራ ግን ደስ አይለኝም። ለጋሽ ተክለሃይማኖት አልናቅኋችሁም ይበሉልኝ። ከአባቴ ቀጥሎ ያስተማረኝ እሱ ነው።

ለእትዬ ጌጤ ደግሞ፣ ምስር፣ ሽምብራና ሩዝ እበላለሁ። እዚህ ሽፈራው፣ የእኛው ሀላኮ፣ በየገበያው ይሸጣል። ግን ቅጠሉን ትተው ረጅሙን ፍሬ ነው የሚቀቅሉት፤ እንደ ሸንኮራ ይመጡታል።

ልጅዎ
አቢጋኤል


አርባ ምንጭ
ሐምሌ 14 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለአቢጋኤል በርናባስ፣

ሰላም ለአንቺ ይሁን። ሳልመልስልሽ የቆየሁት ሥራ በዝቶብኝ ነው።

ሥራ አልበዛብኝም። ተናድጄ ነው።

አንድ ጉርሻ ነው የጠየቅሁሽ፤ እሱንም ያንቺ ሳይሆን የአስቴር አፍ ነው የሚጎርሰው። ወንድሜን በገዛ እጄ አፈር አልብሼዋለሁ። አሁን ደግሞ ስሙን በገዛ አፌ ልዘለው ነው። እንዴት ብዬ እንደምዘለው አንቺ ንገሪኝ። ቢላዋውን ይዤ ከእሱ በፊት ያለውን እጠራለሁ፣ ከእሱ በኋላ ያለውን እጠራለሁ፣ መሐሉ ላይ ምን ልበል?

ሕጉን ተክለሃይማኖት በፍርድ ቤት አማርኛ ጽፎት ሁላችንም ፈርመናል። እኔም ፈርሜአለሁ። ቦታውን የጎማ ነጋዴው ክንፉ ይፈልገዋል። ገና ከአሁኑ ባየኝ ቁጥር ስለ በሬው ጤንነት ይጠይቀኛል።

ዳልቻ ደንድኗል። የሙዝ ግንድና የስኳር ድንች ሐረግ ይበላል፤ ወለቴ አተላ ታቀብላለች። ጌጤ ስትጠራው ይመጣል፤ እኔ ስጠራው ጆሮውን እንኳ አያነቃንቅም። ስለ ሀላኮው ፍሬ የጻፍሽውን አላመነችም። ዛፉ ሥር ቆማ «ይኼ ይበላል?» እያለች ታየዋለች።

ሽምብራሽን ብዪ።

ዘካሪያስ


ባሮዳ
ሐምሌ 30 ቀን 2016 ዓ.ም.

ውድ አጎቴ፣

ጤናዎን ይስጥልኝ። ስለተናደዱብኝ አመሰግናለሁ። የከበደኝ ዝምታዎ ነበር።

ለመስቀል መጥቼ ራሴ ልቆም አስቤ ነበር። አማካሪዬ ግን ጽሑፌን ሳላስረክብ አልለቅም አለኝ። ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ እለምንዎታለሁ። ቦታው ለክንፉ ከመሰጠቱ በፊት የአባቴን ስም አንድ ጊዜ ይጥሩልኝ፤ እንደ በፊቱ፣ እስከ መንገዱ እንዲሰማ። ማንም አይጉረስለት። ከዚያ ይለፍ። ይህችንም ደብዳቤ ጮክ ብለው ቢያነቧት ቅር አይለኝም።

በሐቅ ከተጠራ አንዴም ይበቃኛል ብዬ ልጽፍ ነበር። አይበቃኝም። ግን ሌላ መንገድ አላገኘሁም።

አቢጋኤል


አርባ ምንጭ
መስከረም 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ ልጄ ለአቢጋኤል፣

ዮ ማስቃላ፣ እንኳን ለመስቀሉ አደረሰሽ! ዘመኑን የቀየረልን ጌታ ይመስገን፤ ዓመቱ ያንቺ ይሁን። ይኼን ደብዳቤ ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

አስቴር አዲሱን ካሌንደር ግድግዳው ላይ ሰቀለችው። የሙዝ መኪናው የሚመጣበትን ቀን ልፈልግ ጠጋ ስል ዓይኔ መስከረም 17 ላይ ዐረፈ። ዓርብ ነው። አቢ፣ መስቀል ዓርብ ነው የሚውለው። ቅርጫው ከተቋቋመ ጀምሮ መስቀል ረቡዕም ዓርብም ውሎ አያውቅም። ሕጉን ስናወጣ ይኼ ለአንዳችንም ትዝ አላለንም። እኛ ጴንጤዎቹ ዓርብ ምናችንም አይደለም። ከመሐላችን የቀረው ኦርቶዶክስ ተክለሃይማኖት ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ታሞ ሆስፒታል ተኝቶ እንኳ ዓርብ ወተት አልጠጣም ያለ ሰው ነው። ዘመዶቹም ያው ናቸው፣ በስሙ የሚጎርስ አይገኝም። በገዛ እጁ የጻፈው ሕግ ደግሞ በመስቀል ዕለት ያልጎረሰ ቦታውን ይለቃል ይላል።

ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። ጌጤ እንኳ አታውቅም። ሻኛውን ዘርግቼለት «ጉረስ እንጂ፣ ናቅኸን እንዴ?» ስለው ፊቱን ማየት ነው የምፈልገው። እስከዚያ ቢላዋዬን እየሳልኩ እቆያለሁ። ከሐዘናችን ወዲህ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

አጎትሽ
ዘካሪያስ


ባሮዳ
መስከረም 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ አጎቴ፣

እንኳን አብሮ አደረሰን። አንብቤ ሳቅሁ፤ ከዚያ ሳቄ ቆመ።

እባክዎን ቀድመው ይንገሩት። ብቻውን፣ ቤቱ ሄደው። የማይፈልገውን ነገር አፉ ሥር ዘርግተውለት ሰው ሁሉ ሲያየው ምን እንደሚሰማው እኔ አውቃለሁ። ሥጋ በተውኩ ሰሞን ጓደኞቼ የበግ ሥጋ አፌ ሥር ይዘው ይስቁብኝ ነበር። የአባቴ ቦታ ጓደኛውን በማሳፈር የሚመለስ ከሆነ ይቅርብኝ። ይህን ከልቤ ነው የምልዎት።

አቢጋኤል


አርባ ምንጭ፣ ሴቻ
መስከረም 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ ልጄ፣ ለወንድሜ ልጅ፣ ለአቢጋኤል በርናባስ፣

ከምሥራቅ እስከ ምዕራብ ያሉትን የሚያይ አምላክ ይባርክሽ፣ ደጋግሞ ይባርክሽ። ድምፄ ስለተዘጋ እንኳን በስልክ አልሆነ። ሁሉንም በቅደም ተከተል ልንገርሽ።

ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ አኮረፍኩ። ደስታዬን ቀማሽኝ። ቢሆንም ቆቤን አደረግሁና ተክለሃይማኖት ቤት ሄድኩ። በረንዳው ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ገና ሳልጀምር «ዓርብ መሆኑን ልትነግረኝ ነው የመጣኸው» አለኝ። ከአዲስ ዓመት ጀምሮ አውቆታል። «እንግዲያው ቅዳሜ እንረድ፣ ወይም ሕጉን እናስተካክል» አልኩት። «አይሆንም። ለእሷ ያላስተካከልኩትን ለራሴ አላስተካክልም። ያወጣሁት ሕግ እኔንም ካልነካ ምኑን ሕግ ሆነ? ቦታዬን እለቃለሁ» አለ። ቀድሜ እንድነግረው ያደረግሽኝ አንቺ መሆንሽን ነገርኩት። ከዚያ «እሷ ናት ያለችህ?» አለኝ፤ እንደገና ጠየቀኝ፣ እንደገና ነገርኩት።

የመስቀል ዕለት ጠዋት ሁሉም ግቢያችን ተሰበሰበ። ክንፉ አዲስ ሳፋ ይዞ በር ላይ ቆሟል። ጌጤ በየዓመቱ እንደምታደርገው ቅርጫቷን አንሥታ ሀላኮ ልትቀነጥስ ወደ ጓሮ ሄደች። ዳልቻ ታረደ። ሻኛውን ቆርጬ ስም እየጠራሁ ማጉረስ ጀመርኩ። የአባትሽ ተራ ሲደርስ የሐምሌውን ደብዳቤሽን አውጥቼ ጮክ ብዬ አነበብኩት፤ አሁን እንኳ ቀድሜ አይቼው ነበር። «አይበቃኝም» ያልሽውን ደግሜ አነበብኩት። ከዚያ «የበርናባስ» ብዬ ጠራሁ። ማንም አልመጣም። ቀጥዬ «የተክለሃይማኖት» አልኩ። መጣ። እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ አንገቱን ደፍቶ «ዓርብ ነው» አለ። ሰዎቹ ያን ጊዜ ነው የገባቸው።

እኔ እንዲህ አደርጋለሁ ብዬ አላሰብኩም ነበር። ቢላዋውን የሙዝ ግንድ ላይ ሰካሁት። «መሥራቾቹ ሁለቱም የሌሉበትን ሥጋ አልደለድልም። የሚደለድል ካለ ቢላዋው ይኸው» አልኩ። የነካው የለም። ፀሐይ ወጣች፣ ዝንብ መጣ፣ በሬው ቅጠሉ ላይ ተጋድሟል፣ እኛ ተፋጠናል። ክንፉ ሳፋውን አንዴ በቀኝ አንዴ በግራ ይይዛል።

በመጨረሻ ተክለሃይማኖት «ዛሬ ባለመጉረሴ ንቆናል ያለ አለ?» ብሎ ጠየቀ። ብዙዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ለምን አላላችሁም?»

«አንተማ ለእግዚአብሔር ብለህ ነው» አለ አንዱ።

«እሷም ለፈጠረው እንስሳ አዝና ነው። ሚያዝያ ላይ ይህን የምሰማበት ጆሮ አልነበረኝም፤ በርናባስን ያጣሁት ገና ነበር፣ ልጁም የተወችን መሰለኝ። በርናባስ ከአንድ ቢላዋ ብሉ ያለን እንዳንለያይ ብሎ ነበር። እኔ በዚያው ቢላዋ ልጁን ቆርጬ ጣልኩ።»

ከዚያ ምን እንዳደረገ ታውቂያለሽ? ጎንበስ ብሎ ከአጥሩ ሥር እርጥብ ሣር ነጨና በሁለት እጁ ይዞ ፊታችን ተንበረከከ። የእኛ የጋሞ ሽማግሌዎች ለእርቅ እንደሚያደርጉት፣ ጎጃሜው። ዕድሜውን በሙሉ ስናደርግ ሲያይ ኖሯል፤ ሲያደርግ ግን የመጀመሪያው ነው። ሣር የያዘ ሰው እምቢ አይባልም። ሁላችንም ሮጠን አነሣነው። ሕጉ እዚያው ፈረሰ። ከእንግዲህ ስሙ የተጠራ ሰው የሻኛውን ቁራጭ ቢፈልግ ይጎርሳል፣ ቢፈልግ ለሌላ ያጎርሳል። ለክንፉም ሌላ መደብ ጨመርንለት፤ ያን ሁሉ ቆሞ ባዶ ሳፋ ይዞ አይመለስም።

ቢላዋዬን ነቀልኩና ደለደልኩ። ተራሽ ሲደርስ «የበርናባስ!» ብዬ ጠራሁ። እንደዚያ ጠርቼ አላውቅም፤ ድምፄ የተዘጋውም ለዚህ ነው። መንገድ ላይ የሚያልፍ ባጃጅ እንኳ ሰምቶ ቆሟል። «አቤት» ብሎ የመለሰልሽ ተክለሃይማኖት ነው። ቁራጭሽን ከእኔ ተቀብሎ እማማ ልክነሽን በእጁ አጎረሳት። ሸክላ ሠሪ ናት ብለው አብረዋት የማይበሉ ሰዎች ነበሩ፤ የተቃወመ ግን አልተገኘም። መደብሽን በሙዝ ቅጠል ጠቅልላ፣ አንገቷን ቀና አድርጋ በዋናው በር ወጣች።

ዳልቻ መታረዱ እንዳልቀረ አውቃለሁ። ያንን አንቺ ደስ እንደማይልሽ አውቄ ነው የምጽፍልሽ። እኔም ሥጋ አልተውኩም፣ የምተውም አይመስለኝም። ዘንድሮ ግን ስጎርስ ጥያቄሽ ጉሮሮዬ ላይ ነበር።

ለተክለሃይማኖት ጌጤ ቅቤ የሌለው ኩርኩፋ፣ ያንን የበቆሎ ድቡልቡላችንን፣ በሀላኮ አቀረበችለት። ከዚያ አጠገቡ ቁጭ አለችና ከእሱው ሳህን መብላት ጀመረች። «ሥጋው ሲቀርብ ነው እንዴ ሀላኮ የምትበዪው?» አልኳት። የመለሰችልኝን ራሷ ትንገርሽ። እሷ በጋሞኛ ትናገራለች፣ አስቴር በአማርኛ ትጽፋለች።

አጎትሽ
ዘካሪያስ

አቢ ልጄ፣ እኔ ጌጤ ነኝ። ጤናሽን ይስጥሽ። ቅርጫው ከተጀመረ ጀምሮ የመስቀሉን በሬ ሁሉ ያበላሁ እኔ ነኝ። ከአንዱም ቀምሼ አላውቅም። በእጄ አብልቼው፣ ስጠራው ወደ እኔ ሲመጣ ከርሞ፣ እንዴት ይወርድልኛል? ሰው ሳስተናግድ ስለምውል የበላሁ ይመስላቸዋል። አጎትሽ ስንት መስቀል አብሮኝ ውሎ አላየም። የልቤ ድክመት ነው እያልኩ ጓሮ ሄጄ ሀላኮ እቀነጥስ ነበር። ደብዳቤሽ ሲነበብ ጓዳ ሆኜ ሰማሁ። እንደ እኔ ያለ ሌላ ሰው በዓለም ላይ መኖሩን ያን ቀን ነው ያወቅሁት። የመስቀል ዕለት ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት ተናገርኩት፤ ማንም አልሳቀብኝም። ወለቴ እንዲያውም ሳመችኝ።

ፍሬውንም ቀቅዬ ቀመስኩት። ውሸት አይደለም፣ ይበላል። ለሚመጣው መስቀል ነይ። ድስቱን ትልቁን አደርጋለሁ፤ ዘንድሮ የጠየቁኝ ሰዎች አሉ።